ስታዲየሙ ሲከስር ዋሱ ማነው? የሕዝብ ገንዘብ ለስታዲየም እንዳይውል የሚታገሉ ሰዎች የሚሠሩበት መንገድ

የአንድ ስፖርት ቡድን ባለቤት አዲስ ስታዲየም ፈልጎ ወደ ከተማ አስተዳደር ሲሄድ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ቱሪስትና ስለ ከተማዋ ስም ይሆናል። ለግብር ከፋዩ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ የታሰበው ገቢ ካልመጣ ዕዳውን ማን ይከፍላል? ጎረቤታችሁ ሱቅ ሊከፍት ከባንክ ሲበደር ዋስ ብትሆኑለት፣ ሲያተርፍ ትርፉ የእሱ ነው፤ ሲከስር ባንኩ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። የስታዲየም ውል በአብዛኛው እንደዚያ ያለ ነው። በአሜሪካ ከተሞች የሰፈር ሰዎች ተደራጅተው ያስቆሟቸው ውሎች አሉ፤ ተደራጅተውም ያልተሳካላቸው አሉ። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ስናየው ልዩነቱ የቁጣ መጠን አይደለም። ይህን የዋስትና ጥያቄ መቼና በማን ፊት እንዳነሱት ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ላስቬጋስ፣ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ በዚህ ውስጥ አልፈዋል ወይም እያለፉ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው፣ ሬስቶራንት የከፈተው፣ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚልከው ሁሉ ባለ ጉዳይ ነው።

አሌክሳንድሪያ፦ በ15 ሳምንት የተቋጨ ክርክር

ዲሴምበር 13 ቀን 2023 የቨርጂኒያው ገዥ ግሌን ያንግኪንና የሁለት ቡድኖች ባለንብረት የሆነው የሞኑሜንታል ስፖርትስ ኩባንያ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ አንድ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። የሆኪው ዋሽንግተን ካፒታልስና የቅርጫት ኳሱ ዊዛርድስ ከዲሲ ቻይናታውን ወጥተው፣ ወንዙን ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ፖቶማክ ያርድ ላይ በሚሠራ አዲስ አሬና (ጣሪያ ያለው የስፖርት አዳራሽ) እንዲጫወቱ ነበር የታሰበው። የፕሮጀክቱ ዋጋ 2 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፣ መክፈቻው ደግሞ 2028። ንግግሩ ለወራት በምስጢር ስለተካሄደ ብዙው የሰፈር ሰው የሰማው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በመግለጫው ዕለት ነው።

የገንዘቡን አሠራር በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ሌላም ቦታ የሚመጣላችሁ ይኸው ቅርጽ ነውና። በግዛቱ ሕግ አዲስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይቋቋማል። መሬቱና ሕንፃው የመሥሪያ ቤቱ ይሆናሉ፤ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ የሚሸጠውም እሱ ነው። ኩባንያው ከኪሱ 403 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል። ከተማዋ 106 ሚሊዮን ዶላር ታዋጣለች፦ 56 ሚሊዮኑ ለትርኢት አዳራሽ፣ 50 ሚሊዮኑ ለፓርኪንግ። ቦንዱ የሚከፈለው ኩባንያው ከሚከፍለው ኪራይ፣ ከቲኬት ታክስ፣ ከፓርኪንግ ገቢ፣ ከስያሜ መብት ሽያጭ (ሕንፃው በስሙ እንዲጠራ የሚፈልግ ድርጅት ከሚከፍለው) እና ከተጫዋቾች የገቢ ግብር ነው። ደጋፊዎቹ 30 ሺህ የሥራ ዕድልና በዓመታት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ ጥቅም ይመጣል አሉ።

«አዲስ ግብር አይጣልባችሁም» የሚለውን ንግግር ብዙ ሰው ሰምቶ ተረጋጋ። ቃሉ በራሱ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ቦታ የሚገኘው ግብር ለትምህርት ቤትና ለመንገድ መሄዱ ቀርቶ ለአሥርት ዓመታት ከቦንዱ ጋር ይታሰራል። በዚያ ላይ መሬቱ በመንግሥት ስም ሲሆን የንብረት ግብሩ በአብዛኛው ይቀራል፤ አፓርታማና ቢሮ ቢሠራበት ኖሮ ግን ይከፈል ነበር። ከቦንዱ ከፊሉ ደግሞ «የሞራል ግዴታ» በሚባል ዋስትና እንዲደገፍ ታስቦ ነበር። ይህ ማለት ገቢው ሲጎድል ግዛቱም ሆነ ከተማዋ በሕግ አይገደዱም፤ ባይከፍሉ ግን የብድር ደረጃቸው ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ለድልድይም ለትምህርት ቤትም የሚበደሩት በውድ ወለድ ይሆናል። ስለዚህ ሲጎድል ይከፍላሉ። ዋስትናው በስም ለስላሳ ቢሆንም በተግባር ዋስትና ነው።

ነዋሪዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፖቶማክ ያርድን አሬና ለማስቆም ጥምረት መሠረቱ። በየግቢው ምልክት ተከሉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተሰለፉ፣ የግዛቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ድረስ ሄደው የሕግ አውጪዎችን አነጋገሩ። ከሁሉ የረዳቸው ክርክሩን ማጥበባቸው ይመስለኛል። ስፖርት ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ሙግት ውስጥ አልገቡም። ሁለት ነገር ያዙ፦ ትራንስፖርቱና ዋስትናው። የፖቶማክ ያርድ ሜትሮ ጣቢያ በሜይ 2023 ነው የተከፈተው፣ ወደ 370 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፤ የታቀደው ግን ለሰፈሩ ነዋሪና ሠራተኛ እንጂ ጨዋታ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ለሚወጣ የአሬና ሕዝብ አልነበረም። ሩት 1 የሚባለው መንገድ ደግሞ በሥራ መውጫ ሰዓት ያለ ጨዋታም የተጨናነቀ ነው። ይህን ማንም የሰፈሩ ሰው በዓይኑ ያውቀዋል፤ አማካሪ ድርጅት ማስረጃ እንዲያመጣለት አያስፈልገውም።

በቨርጂኒያ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ የግዛት ሕግ የሚሽርበት መንገድ የለም። ስለዚህ ወሳኙ በር የሕግ አውጪው ምክር ቤት ነበር፤ እዚያም ውስጥ ዋናው የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴናተር ሉዊዝ ሉካስ ናቸው፣ ከአሌክሳንድሪያ ርቃ ከምትገኘው ከፖርትስማዝ። የግብር ከፋዩ ስም ለአንድ ባለ ሀብት ፕሮጀክት ዋስ መሆኑን ተቃወሙ፤ ረቂቁን አጀንዳ ላይ አላስገቡትም። ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ ይሞታል። የታችኛው ምክር ቤት የራሱን ረቂቅ አሳልፎ ላከ፤ እሱም እዚያው በር ላይ ቆመ። ከዚያ ደጋፊዎቹ በበጀቱ በኩል ሊያስገቡት ሞከሩ፤ በማርች 2024 የጸደቀው በጀት ያለ አሬናው ወጣ። ማርች 27 ቀን ከተማዋ ንግግሩ ማብቃቱን አስታወቀች።

ሙሉ ሥዕሉን ለማየት ሌላም ነገር መጨመር አለበት። በገዥውና በሴኔቱ መካከል በሌሎች ጉዳዮች፣ ለምሳሌ በሃምፕተን ሮድስ የመንገድ ክፍያ ላይ፣ ፍጥጫ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራትም ከአልሚዎቹ ጋር ስምምነት ላይ ስላልደረሱ ድጋፋቸውን አልሰጡም። የሰፈር እንቅስቃሴ ብቻውን አላሸነፈም። ግን ሰብሳቢዋ እምቢ ሲሉ ከኋላቸው የሚናገር ሕዝብ ነበር፤ ይህ ባይኖር እምቢታቸው የአንድ ሰው ግትርነት ተደርጎ ይሳል ነበር።

በዚያው ዕለት ሊዮንሲስ ከዲሲዋ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ጋር ተስማሙ፤ ዲሲ ነባሩን አሬና ለማደስ በ3 ዓመት 515 ሚሊዮን ዶላር ልታወጣ፣ ቡድኖቹም እስከ 2050 ሊቆዩ። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘቡ አልቀረም፣ ከፋዩ ተቀየረ። አንድ ባለቤት ሁለት አስተዳደሮችን ሲያወዳድር ዋጋው እንዲህ ይወጣል። ስለዚህም የአንድ ከተማ ተቃዋሚዎች ከጎረቤት ከተማ ተቃዋሚዎች ጋር ከመጀመሪያው መነጋገር አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ሂሳቡን እንዴት ማንበብ ይቻላል

መግለጫው ላይ የሚነገረው የግንባታ ዋጋ ነው። የምትከፍሉት ግን ዋናውን ከነወለዱ ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲሸጥ በየዓመቱ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይከፈላል፤ ድምሩ ወደ 195 ሚሊዮን ይደርሳል። ዘመኑን 40 ዓመት ቢያደርጉት የዓመቱ ክፍያ ወደ 5.8 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ድምሩ ግን 233 ሚሊዮን ይሆናል። ባለሥልጣናቱ «የዓመቱ ክፍያ ቀነሰ» ሲሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘመኑ ስንት ዓመት ተራዘመ የሚለው ነው።

ቀጥሎ የገቢ ትንበያው። የአማካሪውን ሞዴል በፒዲኤፍ ሳይሆን ቀመሮቹ በሚታዩበት በኤክሴል ፋይል ጠይቁ። ውስጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ በዓመት ስንት ዝግጅት ይካሄዳል ብለው እንዳሰቡና ገቢው በየዓመቱ በስንት በመቶ ያድጋል እንዳሉ። በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጀምር ገቢ በ3 በመቶ ካደገ በ30 ዓመት 24 ሚሊዮን ይሆናል፤ በ1.5 በመቶ ካደገ ግን ወደ 15.6 ሚሊዮን ብቻ። የእድገቱን ግምት በግማሽ፣ የዝግጅቱን ብዛት ደግሞ በ20 በመቶ ቀንሱና ገቢው የዕዳውን ክፍያ ይሸፍን እንደሆነ እዩ። ገቢውን ለዓመቱ ክፍያ ስታካፍሉት 1 ከሆነ ትርፍ ሳንቲም የለም ማለት ነው፣ አንድ መጥፎ ዓመት ወደ ዋሱ ይወስደዋል። ከ1.25 በታች የሆነ ማንኛውም ስታዲየም ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ ሊነሳ ይገባል።

ትንበያ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ሚኔሶታ አሳይታለች። በ2012 የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑን የቫይኪንግስን ስታዲየም ሲያጸድቁ የግዛቱ ድርሻ በኤሌክትሮኒክ ፑል ታብ (እንደ ሎተሪ ያለ የመጠጥ ቤት ቁማር) ገቢ ይሸፈናል ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት 35 ሚሊዮን ዶላር ተጠብቆ ነበር፤ ትንበያው ወደ 1.7 ሚሊዮን ወረደ። ግዛቱ ቀዳዳውን ለመድፈን ወደ ሲጋራ ታክስ ዞረ። ችግሩ ቀላል ነበር፤ በየመጠጥ ቤቱ ገና ያልተለመደ ጨዋታ በመጀመሪያ ዓመቱ ይይዛል ብለው ማሰባቸው።

ሌላው ትልቁ ስህተት ወጪው ሁሉ አዲስ ገንዘብ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። አንድ ቤተሰብ ለመዝናኛ የሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነ ነው። ጨዋታ ላይ 200 ዶላር ካወጣ በዚያ ወር ሬስቶራንት ወይም ሲኒማ ላይ ያን ያህል አያወጣም። ለዚህ ነው የዘርፉ ኢኮኖሚስቶች በአብዛኛው የሚስማሙት፤ በ2017 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶችን ሲጠይቅ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ የስታዲየም ድጎማ ግብር ከፋዩን ከሚያመጣው ጥቅም በላይ ያስከፍለዋል በሚለው ተስማምተዋል። የአሌክሳንድሪያው ሁኔታ ትንሽ ይለይ እንደነበር መካድ ተገቢ አይደለም፦ ዲሲ ይወጣ የነበረው ገንዘብ የግዛቱን ድንበር ተሻግሮ ሲመጣ ለቨርጂኒያ በእርግጥ አዲስ ነው። ለአካባቢው በጠቅላላ ግን ምንም አልተጨመረም፤ ቻይናታውን ውስጥ ፓርኪንግና ሬስቶራንት የሚሠሩት ወገኖቻችን ያጡት ነበር።

የፌዴራሉ ሕግም ነገሩን ያባብሰዋል። በ1986 የወጣው የታክስ ማሻሻያ ከተሞች ለግል ስታዲየም ከታክስ ነፃ ቦንድ እንዳይሸጡ ለማገድ ታስቦ ነበር። አንድ ቦንድ «የግል» የሚባለው ከ10 በመቶ በላይ የግል ጥቅም ላይ ሲውልና ከ10 በመቶ በላይ ክፍያውም ከግል ምንጭ ሲመጣ ነው፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ውጤቱ የታሰበውን ገለበጠው። ከተማዋ ከቡድኑ ኪራይ ብዙ ከተቀበለች ቦንዱ ከታክስ ነፃ መሆኑ ይቀራል፤ ኪራዩን ዝቅ አድርጋ ዕዳውን ከሕዝብ ግብር ከከፈለች ግን ርካሽ ወለዱን ታገኛለች። ብሩኪንግስ ተቋም በ2016 እንዳሰላው ከ2000 ወዲህ በዚህ መንገድ ለተሠሩ 36 ስታዲየሞች የፌዴራሉ መንግሥት 3.2 ቢሊዮን ዶላር ደጉሟል። ይህም ማለት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ግብር ከፋይ ፈጽሞ ለማይሄድበት ስታዲየም አዋጥቷል።

ውሉ ውስጥ ጣት የሚቀመጥባቸው ቦታዎች

ምክር ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው አጭር የስምምነት ማዕቀፍ ነው፣ ተርም ሺት የሚሉት። እሱ ከጸደቀ በኋላ ዝርዝሩን ጠበቆች ይጽፉታል፤ ያኔ ለመቃወም መነሳት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። በዚህ ደረጃ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ግንባታው ከታሰበው በላይ ቢያስወጣ ማን ይከፍላል? የጣሪያ፣ የሊፍት፣ የስክሪን እድሳትስ? የስያሜ መብቱ ገንዘብ ወደ ማን ይሄዳል? ቡድኑ ዕዳው ሳያልቅ ቢሄድ ቅጣቱ ስንት ነው? የኪራይ ዘመኑ ከቦንዱ ዘመን ካጠረ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ባዶ ሕንፃ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን «ዘመኑ ከደረሰበት እኩል ይሁን» የሚለው አንቀጽ ነው። ሴንት ሉዊስ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑን ራምስን ለማምጣት በ1990ዎቹ ዶም (ጣሪያ ያለው ስታዲየም) ሠራች፤ ግዛቱ በዓመት 12 ሚሊዮን፣ ከተማውና ካውንቲው እያንዳንዳቸው 6 ሚሊዮን ዶላር ለ30 ዓመት ሊከፍሉ። ውሉ ግን ዶሙ በ2005ና በ2015 ከሊጉ ስታዲየሞች የላይኛው ሩብ ውስጥ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ያ አልተሟላም፣ የግልግል ዳኞች ለቡድኑ ፈረዱ፣ ራምስ በ2016 ሎስ አንጀለስ ገቡ። ዕዳው ግን ከሄዱ በኋላም ለዓመታት መከፈሉ ቀጠለ። የሲንሲናቲው የፉትቦል ቡድን የቤንግልስ ውል ደግሞ ሌሎች 14 ስታዲየሞች የያዙትን ቴክኖሎጂ ካውንቲው በራሱ ወጪ እንዲገዛ ያስገድድ ነበር፤ ከተዘረዘሩት ውስጥ ገና ያልተፈጠረ የሆሎግራም መሣሪያ ነበረበት። እዚያ በ1996 መራጩ በአንድ ዶላር የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክሱን ያጸደቀው የንብረት ግብር ይቀነስልሃል ተብሎ ነው፤ የስታዲየሙ ሂሳብ ሲጎድል የተቆረጠው ያ ቅናሽ ነው።

ስለ ዕዳ ዕድሜ ለሚጠይቅ የሲያትሉ ኪንግዶም የተባለው ስታዲየም ይበቃል። በ1976 ተከፈተ፣ በ1994 የጣሪያው ንጣፍ ወድቆ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ተጠገነ፣ በማርች 2000 በፈንጂ ፈረሰ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የሲያትል ሰው ለ15 ዓመት ለሌለ ሕንፃ ከፍሏል።

ፊርማ ማሰባሰብና ወጥመዶቹ

ብዙ ቡድን መጀመሪያ የሚያስበው ሕዝበ ውሳኔ ነው። የሚያዋጣ መንገድ ነው፣ ግን በሕግ የተሞላ ነው። ፊርማ ከማሰባሰብ በፊት የምርጫ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማግኘት ከምንም ይቀድማል።

በሜሪላንድ በ1987 ለባልቲሞር ስታዲየሞች የወጣውን ሕግ የተቃወሙ ሰዎች በመላ ግዛቱ ፊርማ አሰባሰቡ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ሕጎቹ የመንግሥት በጀት የሚመድቡ ናቸው፣ በጀት ደግሞ ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም ብሎ ጣለው። በዲሲም የሕዝብ ኢኒሼቲቭ (በሕዝብ ፊርማ የሚቀርብ ሕግ) በጀት መመደብን መንካት አይችልም። በዋሽንግተን ግዛት በ1995 የኪንግ ካውንቲ መራጭ የቤዝቦል ቡድኑን የማሪነርስን ስታዲየም ታክስ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ውድቅ አደረገ፤ በሚቀጥለው ወር የሕግ አውጪው ልዩ ስብሰባ ጠርቶ ሌላ የገንዘብ ጥቅል አሳለፈ፣ «አስቸኳይ» የሚል አንቀጽም ጨመረበት። አስቸኳይ ሕግ በዚያ ግዛት ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም፤ ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ቢሄዱም ተሸነፉ። ሚኒያፖሊስም በ1997 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፕሮፌሽናል ስታዲየም ሲወጣ ሕዝብ ይጠየቅ ብላ ቻርተሯ (የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ) ውስጥ አስገብታ ነበር፤ በ2012 የግዛቱ ሕግ አልፏት ሄደ።

የኔቫዳው ደግሞ በአጻጻፍ ጉድለት የወደቀ ነው። በጁን 2023 ግዛቱ ለኤስ የቤዝቦል ቡድን ላስቬጋስ ስታዲየም 380 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከመምህራን ማኅበር ጋር የተያያዘው «ስኩልስ ኦቨር ስታዲየምስ» ሕዝበ ውሳኔ ለመጥራት ተነሣ፤ የሚያስፈልገው 102,362 ፊርማ ነበር። ፊርማው አልተጀመረም። የፔቲሽኑ (የፊርማ ማሰባሰቢያ ወረቀቱ) የ200 ቃል መግለጫ አሳሳች ነው፣ የሕጉም ሙሉ ጽሑፍ አልተያያዘም ተብሎ ተከሰሱ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2024 ከሳሾቹን ደገፈ። ተቃዋሚዎቹ ከሕጉ አንዳንድ ክፍሎችን ብቻ ለመሻር ስለፈለጉ ያያያዙት እነሱን ብቻ ነበር። ሙሉውን ማያያዝ ወረቀቱን ወፍራም ያደርገዋል፣ የሕትመት ወጪ ይጨምራል፤ ግን ሕጉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

በፊርማው ላይ ደግሞ፦ የሚቆጠረው በዚያው አካባቢ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። አድራሻው ከምዝገባው የተለየ፣ ስሙ የማይነበብ፣ ሁለቴ የፈረመ ሁሉ ይሰረዛል። የሐበሻ ስም በምዝገባው ላይ በተለያየ የፊደል አጻጻፍ ስለሚገኝ በምዝገባው ላይ እንዳለ መጻፉ ዋጋ አለው። ከሚያስፈልገው 25 ወይም 30 በመቶ አስበልጦ መሰብሰብ የተለመደ ነው። ዜግነት የሌለው ሰው አይፈርም፤ ራሱንም ችግር ውስጥ ያስገባል።

ሕዝብ በቀጥታ ሲጠየቅ ግን ውጤቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። ቴምፒ፣ አሪዞና በሜይ 2023 የሆኪ ቡድኑን የኮዮቲስን አሬና 56 በመቶ ያህል አልፈልግም አለች። በሚዙሪ ግዛት ካንሳስ ሲቲን የያዘው ጃክሰን ካውንቲ በኤፕሪል 2024 ለቤዝቦሉ ሮያልስና ለፉትቦሉ ቺፍስ የተጠየቀውን በአንድ ዶላር የአንድ ሳንቲም ሦስት ስምንተኛ የሽያጭ ታክስ ለ40 ዓመት ለመቀጠል 58 በመቶ እምቢ አለ፤ የተከራዮች ማኅበር ቤት ለቤት የዞረበት ዘመቻ ነበር። በዓመት 20 ሺህ ዶላር ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ የሚገዛ ቤተሰብ ላይ ይህ 75 ዶላር ነው፤ ሂሳቡን እንዲህ በአንድ ቤተሰብ ልክ መንገር ከቢሊዮን ይልቅ ይገባል። ሦስት ወር ሳይሞላው የጎረቤቷ የካንሳስ ግዛት ሕግ አውጪ እስከ 70 በመቶ የግንባታ ወጪ በቦንድ የሚሸፍን ሕግ አወጣ። ከምርጫ ማግስት ቡድናችሁን አትበትኑ የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ብልህ ሆኖ የማገኘው ግን የሲያትሉን ኢኒሼቲቭ 91 ነው። በኖቬምበር 2006 በ74 በመቶ ድምፅ አለፈ። ስታዲየም አይሠራም አላለም። ከተማዋ ለፕሮፌሽናል ቡድን ገንዘብ ብታወጣ ቢያንስ የ30 ዓመት የፌዴራል ቦንድ የሚያስገኘውን ያህል ትርፍ ማግኘት አለባት አለ። ዋጋም አስከፍሏል፦ የቅርጫት ኳሱ ሶኒክስ በ2008 ወደ ኦክላሆማ ሄዱ፣ የሚወዳቸው ሰው ዛሬም ይቆጨዋል። ነገር ግን በዚያው ቦታ በ2021 የተከፈተው አሬና ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ በአብዛኛው በግል ገንዘብ ነው የታደሰው። ሕጉ ስታዲየሙን አልከለከለም፣ ትርፍ የሌለው ዋስነትን ብቻ ከለከለ።

ለምስክርነት ስትቀርቡ

ምስክርነት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። አብዛኞቹ ምክር ቤቶች 3 ደቂቃ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ 2። የረቂቁን ቁጥር፣ የምትኖሩበትን ሰፈርና አቋማችሁን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ። ሃያ ሰው ሃያ የተለያየ ጥያቄ ቢጠይቅ ሃያ ሰው ተመሳሳይ ወረቀት ከሚያነብ የበለጠ ይከብዳል፣ እያንዳንዱ በቃለ ጉባኤው ላይ መልስ ይፈልጋልና። የትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ቀን መቅረብ አይችልም፤ ስለዚህ የሚቀርበውን ሰው ከሳምንት በፊት መድቡ።

ሰነድ ለመጠየቅ የየግዛቱን የመረጃ ነፃነት ሕግ ተጠቀሙ። በቨርጂኒያ መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ምክንያት ካለው 7 የሥራ ቀን ይጨምራል። ክፍያ ሊጠይቅ ስለሚችል ግምቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ስለ ስታዲየሙ ያለው ኢሜይል ሁሉ» ካላችሁ ግምቱ በሺህ ዶላር ይመጣል። የሰነዱን ዓይነትና የቀኑን ክልል ወስኑ፦ የገቢ ሞዴሉ፣ የዕዳ ክፍያ ሰንጠረዡ፣ የትራፊክ ጥናቱ የሥራ ዝርዝር።

ዲሲ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2025 በአሮጌው የአርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ላይ ለፉትቦል ቡድኑ ለኮማንደርስ የሚሠራው ስታዲየም ሲጸድቅ ከሕዝብ ገንዘብ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተመድቧል፤ ከምንጮቹ አንዱ በመጀመሪያ ለናሽናልስ የቤዝቦል ስታዲየም ተብሎ በትልልቅ ንግዶች ላይ የተጣለው ክፍያ ነው። ለአንድ ሕንፃ የመጣ ክፍያ ለሌላ ሲሸጋገር መከታተል የሚቻለው በየዓመቱ በምክር ቤቱ የበጀት ችሎት (የሕዝብ ምስክርነት በሚሰማበት ስብሰባ) ላይ ነው። የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል። አስተርጓሚ ስትጠይቁ ከችሎቱ ቀናት ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ የትርጉሙ ጊዜ ከደቂቃችሁ እንዳይቆረጥም በዚያው ኢሜይል አረጋግጡ። መቅረብ ላልቻለ ሰው የጽሑፍ ምስክርነት መዝገቡ ብዙ ጊዜ ከችሎቱ በኋላም ለቀናት ክፍት ይቆያል፤ የሚዘጋበት ቀን በችሎቱ ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።